የአኒስ ዜሮ

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ሞባይል የሚጠግን አኒስ ሐቢብ የሚባል ሰው አለ። ይጠግናል እንበል እንጂ ልቡ ሥራው ላይ የሚገኘው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው። በተረፈው የሰውን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ሌላ ነገር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ደንበኞቹም ለምደውታል። "አኒስ ጋ የገባ ስልክ መዳኑ አይቀርም፣ ባለቤቱ እስከዚያ ከቆየ" ይላሉ። ዘር ማንዘሩ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ሐቢብ ከመተማ እስከ አሥመራ ጨርቅ ያመላለሱ ሰው ነበሩ። ለልጃቸው ግን የንግዱ ነገር አልሆነለትም፤ ዕቃ ከመሸጥ ዕቃ መበርበር ይቀናዋል።

በ2006 ዓ.ም. የያዘው አባዜ ደግሞ ዝናብ መለካት ነበር።

"ዝናብ ደግሞ ምኑ ይለካል?" አሉት ጎረቤቶቹ። "ከዘነበ ዘነበ፣ ካልዘነበ የለም፤ አለቀ።"

ነገሩን ያመጣው የታላቅ እህቱ የፈትሂያ ጣጣ ነው። ፈትሂያ ያገባችው ዛሪማ ነው፣ ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ፣ ቆላው ላይ። ማክሰኞና ቅዳሜ አህያዋን ጭና ወንዙን ትሻገርና ማዶ ካለው ገበያ ትውላለች፤ ጨው፣ ሳሙናና ዘይት ወስዳ ሰሊጥና በርበሬ ይዛ ትመለሳለች። ድልድይ የለም አይባልም፣ አለ፤ ግን ያለው በመኪናው መንገድ ነው፣ በዚያ ከዞሩ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በእግር መሻገሪያው ይገባል። በጋ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ክረምት ላይ ግን ዛሪማ ፀሐዩ አናት እየበሳ ሳለ ላይ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ዶፍ ይወርዳል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ደራሹ ጎርፍ ይመጣል። ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ ነው የሚደርስበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም።

አኒስ ያሰበው ይህን ነው፦ ላይ የዘነበውን ታች ያለው ሰው በሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢያውቀውስ? ፈትሂያ ብታውቀውስ?

ከውጭ የሚመጡት የአየር ጠባይ መለኪያዎች ዋጋቸው ሚኒባስ ይገዛል። አኒስ የሠራት ዕቃ የፈጀችው የአንድ ደህና ሙክት ዋጋ ነው። ከላይ ናፍጣ የሚቀዳበት ኢምቡቶ ገጠመላት። ከኢምቡቶው ሥር ሁለት ማንኪያ የሚያህሉ ስኒዎች እንደ ሚዛን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሞልቶ ሲደፋ ሌላው ይቀርባል። በተደፋ ቁጥር ማግኔቷ ለአንድ አሮጌ ኖኪያ ምልክት ትሰጣለች፣ ኖኪያው ይቆጥራል፣ የቆጠረውንም በየሰዓቱ በመልእክት ጎንደር ይልካል። ጎንደር ሱቁ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ይቀበልና ማንም ከፍቶ ሊያየው በሚችል የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይለጥፈዋል። ኃይሉን የምትሰጠው ደብተር የምታህል ሶላር ናት። የመጀመሪያዋን ለሙከራ አምባ ጊዮርጊስ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተከላት፤ ሠራች። ዋናዋ ግን የዛሪማ ወንዝ ከሚነሣበት ከአፋፉ ላይ መቆም ነበረባት።

አፋፉ ላይ አጥር ያለው፣ ሌባም ከብትም የማይደፍረው ግቢ አንድ ብቻ ነው፤ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። አኒስ ሚያዝያ ላይ ዕቃውን ተሸክሞ ሄደና የደብሩን የቅኔ መምህር የኔታ ፍቅረ ማርያምን አስፈቀደ። ስለ እህቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ደራሹ አንድ በአንድ ነገራቸው።

"እኔ እንኳ እስላም ነኝ የኔታ" አለ በመጨረሻ። "ግቢው ደግሞ የናንተ ነው።"

"ዝናሙስ የማን ነው?" አሉ የኔታ። "ትከላት ልጄ። ሸጋ ሐሳብ ነው።"

ጥበቃዋ የተሰጠው ለእማሆይ ወለተ ሚካኤል ነው። ግቢውን የሚጠርጉ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ግን የጭልፊት የሆነ መነኩሲት ናቸው። አኒስ ለእሳቸው ስለ ወንዙ አልተረከም። አሮጊት ናቸው፣ አይገባቸውም ብሎ ይሁን ወይም ቸኩሎ፣ እንጃ። ብቻ ኢምቡቶውን መታ መታ አድርጎ ጉራውን ነፋ።

"እማሆይ፣ ይቺ ዕቃ ዕረፍት አታውቅም። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት።"

"ሁልጊዜ?" አሉ እማሆይ።

"ሁልጊዜ!"

"ውይ" አሉ።

መጀመሪያ ላይ ዛሪማ ሳቀች። በኢንተርኔት የመጣ ዝናብ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፣ ተባለ። ፈትሂያ ግን ወንድሟን ታውቀዋለች። ማዶ ስትሆንም ቤቷ ስትሆንም ገጹን በስልኳ ትከፍታለች፤ ከአሥራ አምስት ሚሊሜትር በላይ ያየች ዕለት መሻገሪያው ዳር ያለው ግራር ላይ ቀይ ሻሿን ታስራለች። ሰኔ ላይ ሁለት ጊዜ አሰረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ደራሹ እየደነፋ መጣ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሻሹ ከታሰረ ሰው ጭነቱን አውርዶ ይቀመጣል፣ ካልታሰረ ይሻገራል። አኒስ ይህን በስልክ ሲሰማ ለሦስት ቀን ከምድር ከፍ ብሎ ሄደ።

ሐምሌ 12 ቅዳሜ፣ በረመዳን፣ ፈትሂያ ገበያ ውላ ለማፍጠሪያ ለመድረስ ተጣድፋ ወንዙ ዳር ደረሰች። ስልኳን ከፈተች። ከንጋት ጀምሮ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

"ዜሮ ካለ ዜሮ ነው" አለችና አህያዋን እየነዳች ገባች።

መሐል ላይ ደረሰባት። አህያዋን ከነጭነቷ ጠቅልሎ ወሰዳት። ፈትሂያን አንድ ጎረምሳ ዱላውን ዘርግቶ አወጣት፤ ክንዷ ግን ድንጋይ አግኝቶት ተሰብሯል።

ማታውን ደወለች።

"እታለም!" አለ አኒስ።

"አህያዬን ውሃ ወሰዳት፣ አኒስ። ክንዴም ተሰብሯል። እኔን ለጥቂት ነው የተወኝ።" ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። "አሁን ስንት ይላል ያንተ ዕቃ?"

አኒስ አየ። "ዜሮ ነው የሚለው።"

"እኮ! ዜሮ ነው የሚለው።" ዘጋችው።

ዛሪማ ነገር አታባክንም። ነገ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው፣ ወፍራም መስላ ሾርባ የማይወጣት ዶሮ፣ አገባሻለሁ ብሎ የከዳ ጎረምሳ፣ ሁሉም "የአኒስ ዜሮ" ተባለ። ፈትሂያ ግራሩ ላይ ታስረው የነበረውን ሻሿን ለተሰበረው ክንዷ ማንጠልጠያ አደረገችው። መሻገር ግን አልተወችም፣ የምትበላው ከዚያው ነዋ። አሁን የምታምነው ዓይኗን ብቻ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ሊማሊሞ ላይ ያለውን አያይም። ማክሰኞና ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አኒስ ከስልኩ አጠገብ አይርቅም።

ሐምሌ 14 አፋፉ ላይ ወጣ። በብርጭቆ ውሃ እየለካ ኢምቡቶው ውስጥ አፈሰሰ፤ ዕቃዋ አንድ ሳታጎድል ቆጠረች። ሁለተኛ አፈሰሰ፣ ያው ነው። ማግኔቷን ቀየረ፣ ኖኪያውንም ቀየረ። እማሆይ ቆሎ በቁና አቅርበውለት አጠገቡ ቆመዋል።

"እማሆይ፣ እውነት ማንም አልነካትም?"

"ምነው ልጄ! እኔ ቆሜ ማን ይነካታል? ዶሮ እንኳ አላስጠጋባት።"

ሐምሌ 21 አፋፉ አጠገብ ያለው ደባርቅ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ፤ ገጹ ላይ ዜሮ። ሐምሌ 27 ዜሮ። 29 ዜሮ። በመሐሉ ባሉት ቀናት ዕቃዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሃያ፣ ሠላሳ ትቆጥራለች። አኒስ በገዛ እጁ ሥራ ላይ እምነት አጣ። ለእህቱ ሲደውልላት ስለ ልጆቿ ታወራዋለች፣ ስለ ክንዷ ታወራዋለች፤ ቁጥር ሲያነሣ "እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ተወኝ" ትለዋለች።

ነገሩን ያፍረጠረጠው የማያውቀው ሰው ነው። ዳኛው የሚባል የባሕር ዳር መምህር ገጹን ሲከታተል ከርሞ መልእክት ጻፈለት። "ወንድሜ፣ የአፋፉ ጣቢያህ ቀን እየመረጠች ነው እንዴ የምትሠራው? እነዚህን እያቸው" ብሎ አሥራ ሁለት ቀን ዘረዘረለት። ገጹ የሚሄደው በስልኩ ሰዓት ስለሆነ ቀኖቹ የፈረንጅ ናቸው፦ ሜይ 20፣ ሜይ 29፣ ጁን 4፣ ጁን 6፣ ጁን 19፣ ጁን 28፣ ጁላይ 4፣ ጁላይ 6፣ ጁላይ 19... ግራ የሚያጋባ ነው። አንዴ በዘጠኝ ቀን፣ አንዴ በስድስት፣ አንዴ በሁለት። አኒስ ሱቁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ጋር አስተያየው፣ የሐበሻውና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ከተጻፈበት። ሜይ 20 ግንቦት 12 ነው። 29ኙ ግንቦት 21። ከዚያ 27። ከዚያ 29። ሰኔም እንደዚያው፣ ሐምሌም እንደዚያው።

ሚካኤል። ማርያም። መድኃኔ ዓለም። በዓለ እግዚአብሔር። ይህን ለማወቅ ክርስቲያን መሆን አያሻም፤ ጎንደር ሱቅ ከፍቶ ገዢ የጠፋበትን ቀን የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

"ወይ አላህ!" አለ አኒስ ብቻውን።

ነሐሴ 11 ደባርቅ አደረ። በማግስቱ ማለዳ ዳገቱን ወጥቶ ግቢው ሲገባ የፍልሰታ ሱባኤ ስለሆነ ሁሉ ጭጭ ብሏል። ካፊያ ጀምሯል። ዕቃዋ እንጨቷ ላይ እንደቆመች ናት፤ አናቷ ላይ ግን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ተደፍቶባታል፣ ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ተጭኖበታል። ካፊያው ሳፋው ላይ ይንጣጣል፤ ኢምቡቶው ውስጥ አንድ ጠብታ የለም።

አኒስ ድንጋዩን አሽቀንጥሮ ጣለ፣ ሳፋውን ገፈፈ። እማሆይ ድምፅ ሰምተው ከጎጇቸው ወጡ።

"እማሆይ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ሳፋ ነዋ።"

"ሳፋ መሆኑንማ አያለሁ! ማን ደፋው?"

"እኔ ነኛ። ትረፍ ብዬ።"

"ማን ትረፍ?"

"ዕቃዪቱ! አንተው አይደለህ ዕረፍት አታውቅም ያልከኝ? በሊቀ መላእክቱ ግቢ፣ በሊቀ መላእክቱ ቀን ስትሠራ ዝም ብዬ ልያት? በረዶ ቢወርድ የማን ገብስ ነው የሚያልቅ?"

ደጋው ላይ ይህን የማያውቅ የለም። በእነዚያ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ ወፍጮ አይዞርም፤ አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው የሱን ማሳ መርጦ አይመታም፣ የአገሩን ገብስ ሁሉ ይጨርሳል። እማሆይ በየዋዜማው ማታ ሲከድኑ፣ በበዓሉ ማታ ሲገልጡ የከረሙት የሰውን ገብስ ሊያተርፉ ነው።

"ማንም አልነካትም ብለውኝ ነበር እኮ!"

"አልነካኋትማ። ከደንኳት እንጂ።"

"በሰንበትስ ለምን አልከደኗት?"

"ሰንበት ምሕረት ነው። በረዶ የሚመጣ እነዚህ አራቱ ሲሻሩ ነው፤ እናቴ እንደዚህ ነው የነገረችኝ።"

አኒስ ሊጮህ ነበር። አፉ ላይ የመጣለት ግን ሌላ ነው። "እህቴ ልትሰምጥ ነበር፣ እማሆይ። ሐምሌ 12 እርስዎ ከደኗት፣ ዕቃዋ ዜሮ አለች፣ እህቴ ዜሮውን አምና ወንዝ ገባች። አህያዋ ሄደች፣ ክንዷ ተሰበረ።"

እማሆይ የጣለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ለሰው ነው እንዴ የምትሠራ?" አሉ ቆይተው። "እኔ እኮ የመንግሥት ቆጠራ ነው ብዬ። ማን ነገረኝ?"

እውነት ማን ነገራቸው? ለየኔታ ተነገረ፤ ለሚጠብቋት ሰው ግን ጉራ ብቻ ነው የተነፋላቸው። አኒስ ይህን ሲያስብ ቁጣው ወደ ራሱ ዞረ፣ አፈረም።

የኔታ ፍቅረ ማርያም ጭቅጭቁን ሰምተው መጥተው ነበር። "ወለተ ሚካኤል" አሉ፣ "ደወል በበዓል አይደወልም?"

"ምነው የኔታ! በበዓል ነው እንጂ ዋናው መደወሉ።"

"እንግዲያ ይቺ ደወል ናት። አልሠራችም፣ ተናገረች እንጂ።"

እማሆይ አሰቡበት። "ደወሉን ሰው ይሰማዋል" አሉ። "ይቺን ማን ይሰማታል?"

"ዛሪማ" ሊል ነበር አኒስ። ግን ግራሩ ላይ ሻሽ መታሰሩ ቀርቷል። ማንም አይሰማትም።

"ስሟ ማነው እህትህ?" አሉ እማሆይ።

"ፈትሂያ።"

"ፈትሂያ" አሉ ቀስ ብለው፣ እንዳይጠፋቸው። "የስልኳን ቁጥር ለየኔታ ጻፍላቸው።"

አኒስ ጎንደር ተመልሶ በገጹ ላይ አሥራ ሁለቱን የሐሰት ዜሮዎች አጠፋቸው። በየቦታቸው ለዳኛውም ለዓለሙ ሁሉም እንዲታይ "ተከድኖ ነበር" ብሎ ጻፈ። ከፈረንጁ ቀን ጎንም የሐበሻውን ጨመረ። እማሆይ ደግሞ በሁለተኛው ቀን የየኔታን ስልክ አስደውለው ፈትሂያን አገኟት። "እኔ ነኝ ልጄ፣ የከደንኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ" አሏት። ፈትሂያ በመጀመሪያ ማን እንደሆኑም አልገባትም፤ ሲገባት "አውፍ ብያለሁ እማሆይ" አለች። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ይደዋወሉ ጀመር። ስለ ክንዷ ነው፣ ስለ ወጌሻው ነው፣ ስለ ልጆቿ ነው። ለሴቲቱ አውፍ አለች እንጂ ለዕቃዋ አውፍ አላለችም፤ አኒስ ቁጥር ቢልክላት አትከፍተውም።

ነሐሴ 21 ዕቃዋ ሳትከደን ዋለች። እማሆይ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ፤ ከተራ ዝናብ በቀር ምንም አልወረደም።

ነሐሴ 27 ማክሰኞ ነበር፤ መድኃኔ ዓለም። አኒስ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ገጹ ላይ አፍጥጦ ዋለ። ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት ሚሊሜትር መጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ያው ሦስት። አልሐምዱሊላህ ብሎ ምሳውን በላ። ሦስት ሚሊሜትር ወንዝ አይሞላም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈትሂያ ደወለች። ከማዶ ነው፣ ያለችው በገበያው መንደር አንዲት ሴት ቤት ነው።

"ስምንት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ነበርኩ" አለች። "ውሃው ቁርጭምጭሚት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የተዋስኳትን አህያ ልነዳ ስል ስልኬ ጮኸ። እማሆይ ናቸው፣ ይጮኻሉ። 'ልጄ እንዳትገቢ! እዚህ ሰማዩ ተቀዷል! እንዳትገቢ!' አሉኝ። ወደኋላ ተመለስኩ። ሰውም አስመለስኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደራሹ መጣ አኒስ፣ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም፣ ግራሩን ነቅሎ ሄደ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ያንተ ዕቃ ስንት አለች?"

አኒስ ዋሽቶ አያውቅም፣ ያን ጊዜም አልዋሸም። "ሦስት።"

ፈትሂያ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "እማሆይን አላህ ያኑርልኝ" ብላ ዘጋችው።

ምን እንደሆነ ከየኔታ ሰማ። የወረደው በረዶ ነበር። ኢምቡቶውን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ደፈነው፤ ዕቃዋ አፏ በበረዶ ተሞልቶ እንዴት ትቁጠር? እማሆይ ከጎጇቸው ወጥተው፣ ያንኑ ሰማያዊ ሳፋ ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን በረዶውን በጣታቸው ሲጠርጉ ነበር። ብዙ ታግለው እንደማይሆንላቸው ሲያዩ ነው ወደ ስልኩ የሮጡት።

"ዝናሙስ አለፈ" አሉ የኔታ። "ገብሱ ግን አልቋል ልጄ። ሰው ተቆጥቷል። ነገ ተነሥተህ ብትመጣ ይሻላል።"

ነሐሴ 29 ጠዋት ሲደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ወንዶቹ ከግቢው ጥድ ሥር ተሰብስበዋል። ከደባርቅ እስከዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ መሬት ላይ ተለጥፎ አይቷል፤ ሊያሸት የነበረ ገብስ። መሐላቸው አያ ሐብተ ማርያም ቆመዋል፣ የአገሩ ሽማግሌ፣ አራት ጥማድ ማሳ ያለቀባቸው።

"ባሥራ ሁለት ተገለጠች" አሉ አያ ሐብተ ማርያም ጣታቸውን እያጠፉ። "በሃያ አንድ አልተከደነችም። በሃያ ሰባት አልተከደነችም። ሦስት በዓል ተሻረ፣ ይኸው መጣ። እኛ ክፉ አንልህም፣ እንግዳ ነህ። ንቀላትና ይዘሃት ሂድ።"

አኒስ ስለ ደመና፣ ስለ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ብዙ አንብቧል። ያ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ገብሱ ያለቀበት ሰው ፊት ምን ይባላል? ዕቃዋ ከተነቀለች ደግሞ ፈትሂያ በማክሰኞና በቅዳሜ በዓይኗ ብቻ ወንዝ ትገባለች። ወደ የኔታ አየ፤ የኔታ መሬት መሬት ያያሉ።

እማሆይ ከጎጇቸው ጀርባ ብቅ አሉ። እዚያ ምንጣፍ የምታህል ገብስ ነበረቻቸው፣ ለዓመት ቆሏቸው የሚሆን። ሳፋውን በጭቃ የተለወሰ የገብስ ራስ ሞልተው ታቅፈውታል። ዕቃዋ ሥር አስቀመጡት።

"የኔም አልቋል አያ ሐብተ ማርያም" አሉ። "ስላልከደንኳት መጣ ካላችሁ፣ እኔ ነኝ ያልከደንኳት። እኔን ንቀሉኝ።"

"ኧረ እማሆይ፣ እርስዎን ማን አለ..."

"ገብስ ለከርሞ ይዘራል። ያቺ ልጅ ብትሄድ ግን ማን ይዘራታል?"

"አይተናት ለማናውቅ የቆላ ሴት!"

"እኔ አውቃታለሁ" አሉ እማሆይ። "ክንዷ በቅጡ አልጋጠመላትም፤ ዝናም ሲመጣ ያማታል። ትንሹ ልጇ ጥርስ እያወጣ ነው።"

አያ ሐብተ ማርያም ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የየኔታ ስልክ ጮኸ። የኔታ ቁጥሩን አይተው ለእማሆይ ሰጧቸው፤ እማሆይ እንደልማዳቸው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው አስከፈቱት።

"እማሆይ፣ እንዴት አደሩ" አለች ፈትሂያ። "ወንዙ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልጎድል ብሎኝ ማዶ ተቀምጬ ቀረሁ። አሁን ወርዷል። ልጆቼም ናፈቁኝ። ልሻገር ነው፣ ሰማዩ እንዴት ነው?"

እማሆይ ቀና አሉ። "እዚህ ሰማዩ ሸጋ ነው ልጄ። ግን እኔ ያለሁበትን ብቻ ነው የማየው፤ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ የዘነበውን የምታውቅ እሷ ናት።" ስልኩን ለአኒስ ዘረጉለት። "ንገራት።"

አኒስ በራሱ ስልክ ገጹን ከፈተ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያለውን ሰዓት በሰዓት አየ፤ ሁለት ጊዜ አየ።

"እታለም፣ ዜሮ ነው።"

በወዲያ በኩል የውሃው ድምፅ ይሰማል።

"የማን ዜሮ?" አለች ፈትሂያ።

አኒስ ቀና ብሎ ዕቃዋን አያት። ፀሐዩ ውስጥ ባዶ አናቷን ቆማለች፤ በበዓለ እግዚአብሔር ቀን የሚከድናት የለም፣ ሳፋው ሥሯ ገብስ ተሞልቶ ተቀምጧል።

"የእማሆይ" አለ።

"ቢስሚላህ" አለች።

ስልኩን አልዘጋችም። ጥዱ ሥር የቆሙት ወንዶች ሁሉ የውሃውን መንቦጫረቅ፣ የአህያዪቱን ኮቴ፣ የፈትሂያን "ሂጂ! ሂጂ!" ሰሙ። አኒስ የአያ ሐብተ ማርያምን ዱላ ይዞ እንደነበረ እንኳ አላወቀም።

"ተሻገርኩ" አለች።

እማሆይ አማተቡ። አያ ሐብተ ማርያም ዱላቸውን ከአኒስ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱ፣ ወደ ገብሳቸው አቅጣጫ ብዙ ካዩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ መናገሯ ካልቀረ" አሉ፣ "ለከርሞ በረዶውንም ቀድማ ትንገረን።"

አኒስ ይህን ቃል መስጠት አልደፈረም። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። እማሆይ ሳፋቸውን አንሥተው ገብሱን ሊያሰጡ ሄዱ። አኒስ ማታ ደባርቅ ወርዶ ገጹን ከፈተ፤ ነሐሴ 29 ፊት ለፊት ያለችውን ዜሮ እንዳለች ተዋት።